ሊኑክስ ላይ ስክሪን ሲርገበገብና የግራፊክስ ድራይቨር ሲያስቸግር፦ ከየት ተጀምሮ እንዴት ይስተካከላል

ስክሪኑ ብልጭ ድርግም ማለት ሲጀምር ብዙ ሰው ቀጥታ የሚሮጠው ወደ ድራይቨር ነው። ያለውን ያጠፋል፣ ሌላ ይጭናል፣ ያገኘውን ትዕዛዝ ሁሉ ተርሚናል ላይ ይለጥፋል። መጨረሻ ላይ ኮምፒውተሩ ጥቁር ስክሪን ይዞ ቁጭ ይላል። መርገብገቡ ሲጣራ ደግሞ ምንጩ የላላ ገመድ ሆኖ ይገኛል።

እዚህ የምንሄደው በተቃራኒው ነው። ድራይቨር የምንነካው ችግሩ እሱ ጋ መሆኑን ካረጋገጥን በኋላ ብቻ ነው። አንድ ምስል ስክሪን ላይ እስኪወጣ ብዙ እጅ ያልፋል፦ አፕሊኬሽኑ ይስለዋል፣ ኮምፖዚተሩ መስኮቶቹን አንድ ላይ ያቀናጃቸዋል፣ የሲስተሙ እምብርት በሆነው ከርነል ውስጥ ያለው ድራይቨር በግራፊክስ ካርዱ በኩል ያወጣዋል፣ ከዚያ ገመዱን አልፎ ፓነሉ ላይ ይታያል። አንዱ ሲበላሽ ለዓይን ሁሉም ያው መርገብገብ ነው። ግን መለየት ይቻላል፣ ያውም ምንም ሳትጭኑና ሳታጠፉ።

ስለ ትዕዛዞቹ፦ እዚህ በአማርኛ ፊደል ጽፌያቸዋለሁ፤ እናንተ ተርሚናል ላይ የምታስገቧቸው በእንግሊዝኛ ትንንሽ ፊደላት ነው። እንደ «ኤልኤስፒሲአይ» በፊደል ስም የተጻፈውን ፊደል በፊደል፣ ሳትነጣጥሉ ጻፉት፤ እንደ «ኢንስቶል» ያለውን ቃል ደግሞ በእንግሊዝኛ አጻጻፉ። ሰረዝ፣ ነጥብ፣ የታች ሰረዝና የእኩል ምልክት እንዳሉ ይገባሉ። ትልቅ ፊደል የሚያስፈልግበት ቦታ ስንደርስ እነግራችኋለሁ።

ደረጃ 1፦ መመለሻ መንገድ አዘጋጁ

ይህን አትዝለሉት። ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው፣ ምክንያቱም መመለሻ የሚያስፈልገው ስክሪኑ ጭራሽ ከጠፋ በኋላ ነው፣ ያኔ ደግሞ ለማዘጋጀት ረፍዷል።

1. የግል ፋይሎቻችሁን ሌላ ዲስክ ላይ ቅዱ።
2. ታይምሺፍት የሚባለውን የሲስተም መመለሻ ፕሮግራም ጫኑና አንድ ስናፕሾት (የሲስተሙን ያሁን ሁኔታ ቅጂ) አንሱ። ታይምሺፍት በነባሪ ሴቲንጉ የሚያስቀምጠው ሲስተሙን እንጂ የግል ፎልደራችሁን አይደለም። ስለዚህ ተራ ቁጥር 1ን አይተካም።
3. የምትጠቀሙበትን ሊኑክስ በፍላሽ ላይ አዘጋጁ። ለምርመራም ለማዳንም ያገለግላል።
4. ይህን መመሪያ ስልክ ላይ ክፈቱት። ስክሪኑ ከጠፋ ኮምፒውተሩ ላይ ማንበብ አትችሉም።
5. የድሮ ከርነሎችን አታጽዱ። ከአፕዴት በኋላ የመጣ ችግር ከሆነ መውጫችሁ እነሱ ናቸው።

አሁን ሁሉም ነገር ደህና ሳለ አንድ ልምምድ አድርጉ። ኮንትሮል፣ አልትና ኤፍ3ን አንድ ላይ ተጫኑ። ጥቁር የጽሑፍ ስክሪን ይመጣል። ዩዘር ኔማችሁን ጻፉ፣ ኢንተር፣ ከዚያ ፓስወርድ። ፓስወርዱን ስትጽፉ ምንም አይታይም፣ ኮከብም ነጥብም የለም፤ ደንግጣችሁ አትተዉት፣ እየገባ ነው። ለመውጣት «ኤግዚት» ብላችሁ ኮንትሮል፣ አልትና ኤፍ1 ወይም ኤፍ2 ሞክሩ፣ እንደየሲስተሙ ይለያያል። ላፕቶፕ ላይ ኤፍ ቁልፎቹ ድምፅና ብራይትነስ የሚቆጣጠሩ ከሆነ ኤፍኤን የምትለውን ቁልፍ ጨምሩበት።

እስከ መጨረሻው የሚሠራ አንድ ሕግ፦ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ፣ የቀየራችሁትንም ወረቀት ላይ ጻፉ። ሦስት ነገር አንድ ላይ ቀይራችሁ ቢስተካከል የትኛው እንዳዳናችሁ አታውቁም። ቢብስም የትኛውን እንደምትመልሱ አታውቁም።

ደረጃ 2፦ እንዴት ነው የሚርገበገበው?

ምንም ሳትነኩ አምስት ደቂቃ ተመልከቱት። መልኩ ብዙ ይናገራል።

ስክሪኑ ለአንድ ሁለት ሰከንድ ሙሉ በሙሉ ጠቁሮ ከተመለሰ፣ ሞኒተሩ ሲግናሉን እያጣው ነው። መጀመሪያ ገመድ፣ ቀጥሎ ሪፍሬሽ ሬት (ስክሪኑ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚታደስ) ይጠረጠራል። ነጫጭ ነጠብጣብ ወይም የሚያብለጨልጭ አቧራ የመሰለ ነገር ከታየ፣ አሁንም ገመድ።

ማውሱን ስታንቀሳቅሱ ቀጥ ብሎ ዝም ስትሉ የሚጀምር ከሆነ፣ በተለይ ላፕቶፕ ላይ፣ ፓነል ሰልፍ ሪፍሬሽ የሚባለው ኃይል ቆጣቢ ነገር ነው ዋናው ተጠርጣሪ። ምስሉ ካልተቀየረ ፓነሉ የራሱን ቅጂ እያሳየ ካርዱ ያርፋል፤ ካርዱና ፓነሉ በዚህ ሽግግር ላይ ካልተግባቡ ብልጭታ ይመጣል።

ብራይትነስ ዝቅ ሲል ብቻ የሚርገበገብና ወደ ላይ ሲጨመር የሚጠፋ ከሆነ የፓነሉ መብራት አሠራር ነው። ብዙ ፓነሎች ብርሃን የሚቀንሱት መብራቱን በፍጥነት እያበሩና እያጠፉ ነው። ይህን ድራይቨር አያስተካክለውም።

አንድ መስኮት ብቻ ከሆነ የሚርገበገበው፣ ብሮውዘሩ ለምሳሌ፣ ሌላው ዴስክቶፕ ደግሞ ደህና ከሆነ፣ ቀጥታ ወደ ደረጃ 7 እለፉ።

ፔጅ ስታወርዱ ወይም ቪዲዮ ስታዩ ምስሉ መሃል ላይ በአግድም ተቆርጦ የተንሸራተተ ከመሰለ ደግሞ እሱ መርገብገብ አይደለም፣ ቴሪንግ ነው። መፍትሔው ሌላ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከኤክስ11 ወደ ዌይላንድ መቀየር (ሁለቱ ዴስክቶፑን ስክሪን ላይ የሚያወጡ አሮጌና አዲስ አሠራሮች ናቸው፣ ደረጃ 7) ወይም ኮምፖዚተሩ ላይ ቪሲንክ፣ ምስሉን ከስክሪኑ እድሳት ጋር የሚያስማማውን፣ ማብራት ይበቃል።

ደረጃ 3፦ ጥፋተኛውን የሚለዩ አራት ፈተናዎች

በዚህ ቅደም ተከተል አድርጓቸው።

*ፈተና ሀ፣ ባዮስ።* ኮምፒውተሩን አጥፍታችሁ አብሩና ባዮስ (ከሊኑክስ በፊት የሚመጣው የኮምፒውተሩ የራሱ ሴቲንግ) ውስጥ ግቡ። እዚያ ጥቂት ደቂቃ ቆዩ። ሊኑክስ ገና አልተነሳም። እዚህ ከተርገበገበ ችግሩ የሃርድዌር ነው፣ ወደ ደረጃ 4 ሂዱ። አለመርገብገቡ ግን ሃርድዌሩን ሙሉ በሙሉ ነፃ አያወጣውም፣ ምክንያቱም ባዮስ ብዙ ጊዜ በዝቅተኛ ሪዞሉሽንና በ60 ኸርትዝ ነው የሚሠራው።

*ፈተና ለ፣ የጽሑፍ ስክሪን።* ደረጃ 1 ላይ የተለማመዳችሁትን ኮንትሮል፣ አልት፣ ኤፍ3 ተጫኑ። እዚህም ካለ ኮምፖዚተሩና አፕሊኬሽኖቹ ነፃ ናቸው፤ ከርነሉ፣ ገመዱ ወይም ፓነሉ ነው። እዚህ ጠፍቶ ዴስክቶፑ ላይ ብቻ ከሆነ ወደ ደረጃ 7 ያዘነብላል።

*ፈተና ሐ፣ ቅጂ።* ከሁሉም የምወደው ይህንን ነው። መርገብገቡ እየታየ ስክሪኑን በቪዲዮ ቅረጹ፣ በስልክ ካሜራ ሳይሆን በኮምፒውተሩ በራሱ የስክሪን መቅረጫ። ከዚያ ፋይሉን ወደ ስልክ ወይም ወደ ሌላ ኮምፒውተር ልካችሁ እዚያ እዩት። በሚርገበገበው ስክሪን ላይ መልሳችሁ ብታዩት የቱ የቪዲዮው፣ የቱ የስክሪኑ እንደሆነ አትለዩም። ቪዲዮው ውስጥ መርገብገቡ ካለ ምስሉ ከመውጣቱ በፊት ነው የተበላሸው፦ አፕሊኬሽን፣ ኮምፖዚተር ወይም ሜሳ (አፕሊኬሽኖች በካርዱ ለመሳል የሚጠቀሙበት የድራይቨሩ ክፍል)። ቪዲዮው ንጹሕ ከሆነ ምስሉ ደህና ተሠርቶ መንገድ ላይ ነው የሚበላሸው፦ የከርነል ድራይቨር፣ ገመድ ወይም ፓነል። የስልክ ካሜራ የማይታመነው ጤነኛ ስክሪንን ራሱ ባለ መስመር አድርጎ ስለሚያሳይ ነው።

*ፈተና መ፣ ፍላሽ።* ባዘጋጃችሁት ፍላሽ አስነሱ፣ ሳትጭኑ «ሞክር» የሚለውን መርጣችሁ። እዚያ ደህና ከሆነ የተጫነው ሲስተማችሁ ውስጥ ያለ ሴቲንግ፣ ድራይቨር ወይም የከርነል ስሪት ነው። እዚያም ከቀጠለ ሃርድዌር ነው፣ ወይም ሁለቱም ሲስተሞች የሚጋሩት የድራይቨር ጉድለት።

ውጤቶቹን ጻፏቸው። ከዚህ በኋላ ሁሉንም ደረጃ ማድረግ አይጠበቅባችሁም፣ ወደሚመለከታችሁ ሂዱ።

ደረጃ 4፦ ገመድ፣ ሞኒተር፣ ክዳን

ለውጪ ሞኒተር፦

1. ገመዱን በሁለቱም ጫፍ ንቀሉና እስኪጠብቅ መልሳችሁ ሰኩ።
2. በሌላ ገመድ ሞክሩ፣ ቢቻል አጭር። በመሃል ያለ አዳፕተር፣ ሃብ ወይም ዶክ ካለ አውጡት።
3. ኮምፒውተሩ ላይ ሌላ ቀዳዳ ሞክሩ።
4. ዲስፕሌይ ሴቲንግ ውስጥ ሪፍሬሽ ሬቱን ወደ 60 ዝቅ አድርጉ። ከተስተካከለ የገመዱ ወይም የቀዳዳው አቅም አልበቃም ማለት ነው። ኤችዲኤምአይ 1.4 በ4ኬ ላይ ከ30 ኸርትዝ በላይ አይሄድም፤ ለ4ኬ በ60 ኤችዲኤምአይ 2.0 ወይም ዲስፕሌይፖርት 1.2 ያስፈልጋል።
5. ተለዋዋጭ ሪፍሬሽ ሬትን አጥፉ፣ ሴቲንጉ ላይ ቪአርአር ወይም አዳፕቲቭ ሲንክ ተብሎ ይገኛል። ሞኒተሩ የራሱ ሜኑ ውስጥ ፍሪሲንክ ካለ እሱንም። በአንዳንድ ፓነሎች ላይ ፍጥነቱ በተለዋወጠ ቁጥር ብርሃኑ አብሮ ይዋዥቃል።

ሁለት ሞኒተር ካላችሁ አንዱን ነቅላችሁ ለየብቻ ሞክሩ። አንዱ 60 ሌላው 144 ከሆነ ለሙከራ ሁለቱንም 60 አድርጉ።

ለላፕቶፕ፦ ስክሪኑ እየበራ ክዳኑን በጣም ቀስ ብላችሁ ወደ ኋላና ወደ ፊት አንቀሳቅሱት። መርገብገቡ ከክዳኑ አቀማመጥ ጋር አብሮ የሚቀያየር ከሆነ በማጠፊያው ውስጥ የሚያልፈው ገመድ ተጎድቷል። ይህ የጠጋኝ ሥራ ነው፣ ሶፍትዌር ላይ ጊዜ አታባክኑ። ቻርጀር ሲሰካና ሲነቀል የሚለያይ ከሆነ ደግሞ ኃይል ቆጣቢው ወገን ነው፣ ወደ ደረጃ 6።

ማስጠንቀቂያ፦ ከከርነል አፕዴት በኋላ የላፕቶፕ ስክሪን በኃይል፣ ያለማቋረጥ ብልጭ ብልጭ ካለ «ይለምደዋል» ብላችሁ አትሥሩበት። በፈረንጆቹ 2022 ከርነል 5.19.12 ላይ በኢንቴል ላፕቶፖች እንዲህ ያለ ነገር ተከስቶ ነበር። ድራይቨሩ ለፓነሉ ኃይል የሚሰጥበት ጊዜ ተዛብቶ ስለነበር ስክሪን ሊጎዳ ይችላል ተብሎ ተጠቃሚዎች እንዳያስነሱት ተነገረ፣ በ5.19.13 ታረመ። እንዲህ ሲሆን አጥፉትና በድሮው ከርነል አስነሱ (ደረጃ 9)።

ደረጃ 5፦ የትኛው ድራይቨር ነው እየሠራ ያለው?

ብዙዎች ጭነናል የሚሉት ድራይቨር እየሠራ አይደለም። ግምት አያስፈልግም፣ ተርሚናል ከፍታችሁ ጠይቁት።

1. «ኤልኤስፒሲአይ -ኬ» ጻፉ። ረጅም ዝርዝር ይመጣል። ቪጂኤ ወይም 3ዲ የሚል መስመር ፈልጉና ከሥሩ «ከርነል ድራይቨር ኢን ዩዝ» ከሚለው ቀጥሎ ያለውን አንብቡ። ለኢንቴል አይ915 ወይም ኤክስኢ፣ ለኤኤምዲ ኤኤምዲጂፒዩ ይላል፣ በጣም የቆየ ከሆነ ራዲዮን። ለኤንቪዲያ ኤንቪዲያ (የኩባንያው) ወይም ኑቮ (ክፍት ምንጩ)። ሁለት ካርድ ያለው ላፕቶፕ ከሆነ ሁለት ቦታ ይመጣል፣ ሁለቱንም ጻፉ። መስመሩ ጭራሽ ከሌለ ለካርዱ ድራይቨር አልተጫነለትም።
2. «ጂኤልኤክስኢንፎ -ቢ» ጻፉ፣ ቢዋ ትልቅ ፊደል ናት። ከሌለ ኡቡንቱና ዴቢያን ላይ ሜሳ-ዩቲልስ የሚባለውን ፓኬጅ ጫኑ። ሬንደረር በሚለው መስመር ላይ የካርዳችሁ ስም መምጣት አለበት። «ኤልኤልቪኤምፓይፕ» ካለ ካርዱ ሥራ ፈትቷል፣ ሁሉንም ፕሮሰሰሩ ነው የሚስለው። ዴስክቶፑ የሚጎተተውም ለዚህ ነው።
3. ዌይላንድ ላይ ናችሁ ወይስ ኤክስ11 ላይ? ሴቲንግ ውስጥ ስለ ሲስተሙ የሚናገረው ገጽ ላይ «ዊንዶዊንግ ሲስተም» ወይም «ግራፊክስ ፕላትፎርም» ከሚለው ጎን ታገኙታላችሁ።

ቀጥሎ ሎጉ፣ ሲስተሙ የሆነውን የሚመዘግብበት። መርገብገቡ በተከሰተ ማግስት ሳይሆን ወዲያው «ጆርናልሲቲኤል -ኬ -ቢ» ብላችሁ ክፈቱ። ሪስታርት ካደረጋችሁ በኋላ ያለፈውን ለማየት መጨረሻው ላይ -1 ጨምሩ። ለመፈለግ የማዘንበያ ሰረዝ (/) ተጭናችሁ «ዲአርኤም» ጻፉ፣ ለመውጣት ኪው።

ልታዩ የምትችሏቸው፦ «ፊፎ አንደርረን» ኢንቴል ላይ ካርዱ ለስክሪኑ ምስል በሰዓቱ አላደረሰም ማለት ነው። «ሪንግ» የሚል ስም ይዞ «ታይምአውት» የሚል የኤኤምዲ መስመር፣ ካርዱ ተሰቅሎ እንደገና እየተነሳ ነው። «ኤክስአይዲ» ከቁጥር ጋር የኤንቪዲያ የስህተት መልእክት ነው፣ ቁጥሩን ያዙት። «ዳይሬክት ፈርምዌር ሎድ» ብሎ «ፌይልድ» የሚል ካለ ደግሞ የካርዱ ፈርምዌር ጎድሏል፤ መፍትሔው ሊኑክስ-ፈርምዌር የሚባለውን ፓኬጅ መጫን ወይም ማሳደግ ነው፣ ሌላ ምንም አትንኩ።

ደረጃ 6፦ የከርነል ፓራሜትር፣ መጀመሪያ ለአንድ ጊዜ ብቻ

ፓራሜትር ማለት ከርነሉ ሲነሳ የሚሰጠው ሴቲንግ ነው። ሰዎች እዚህ የሚስቱት ነገር አለ። ያገኙትን ፓራሜትር ሁሉ ቋሚ ፋይል ውስጥ ደርድረው ያስቀምጡና ከዓመት በኋላ ባትሪ ለምን ቶሎ እንደሚያልቅ ይጠይቃሉ። መጀመሪያ በጊዜያዊነት ሞክሩት። ካልሠራ ሪስታርት ስታደርጉ ራሱ ይጠፋል።

1. ኮምፒውተሩ ሲነሳ ኢስኬፕ ነካ ነካ አድርጉ፣ በአሮጌ ባዮስ ላይ ሺፍትን ይዛችሁ ቆዩ። የግረብ (ጂ-አር-ዩ-ቢ፣ ሊኑክስን የሚያስነሳው ፕሮግራም) ሜኑ ይመጣል። ኢስኬፕን አብዝታችሁ ወደ ጽሑፍ መስመር ከገባችሁ «ኖርማል» ብላችሁ ኢንተር፣ ቀጥሎ ወዲያው አንድ ጊዜ ኢስኬፕ።
2. የመጀመሪያው መስመር ላይ ሆናችሁ «ኢ» የምትለዋን ፊደል ተጫኑ።
3. «ሊኑክስ» ብሎ የሚጀምረውን ረጅም መስመር ፈልጉ። ብዙ ጊዜ «ኳየት ስፕላሽ» አለበት። ኢንድ የሚለውን ቁልፍ ተጭናችሁ መጨረሻው ላይ ሂዱ።
4. አንድ ክፍት ቦታ ትታችሁ ፓራሜትሩን ጻፉ።
5. ኮንትሮልና ኤክስ ወይም ኤፍ10 ተጭናችሁ አስነሱ።

እዚያ ስክሪን ላይ ኪቦርዱ የአሜሪካ አቀማመጥ ነው የሚሆነው፣ የታች ሰረዝና እኩል ምልክት ቦታቸው ሊለወጥባችሁ ይችላል።

የትኛውን ልጻፍ? እንደ ድራይቨራችሁ፦

ኢንቴል፦ «አይ915.ኢኔብል_ፒኤስአር=0»። ደረጃ 2 ላይ የነገርኳችሁን ፓነል ሰልፍ ሪፍሬሽ ያጠፋል። አዲሱ ድራይቨር ከሆነ አይ915 በሚለው ፋንታ ኤክስኢ። ካልሠራ እሱን ትታችሁ «አይ915.ኢኔብል_ኤፍቢሲ=0»፣ ከዚያ «አይ915.ኢኔብል_ዲሲ=0»። አንድ በአንድ።

ኤኤምዲ፦ «ኤኤምዲጂፒዩ.ዲሲዲበግማስክ=0ኤክስ10»፣ ይህም ያንኑ ፓነል ሰልፍ ሪፍሬሽ የሚያጠፋ ነው። ግራፊክሱ ከፕሮሰሰሩ ጋር አንድ ላይ የሆነ ላፕቶፕ ላይ ስክሪኑ ነጭ ብልጭታ የሚያሳይ ከሆነ «ኤኤምዲጂፒዩ.ኤስጂ_ዲስፕሌይ=0» ሞክሩ።

ኤንቪዲያ፦ «ኤንቪዲያ-ዲአርኤም.ሞድሴት=1»። ዌይላንድ በትክክል እንዲሠራ የግድ ነው። አዳዲስ ስሪቶች ላይ ብዙ ጊዜ በርቶ ነው የሚመጣው።

ፓራሜትሩ ከሠራ ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን ተጠቀሙበትና ከዚያ ቋሚ አድርጉት። ኡቡንቱ፣ ሚንትና ዴቢያን ላይ «ሱዶ ናኖ /ኢቲሲ/ዲፎልት/ግረብ» ብላችሁ ፋይሉን ክፈቱ (ሱዶ ትዕዛዙን በአስተዳዳሪ ሥልጣን ያስኬዳል፣ ናኖ የጽሑፍ ማረሚያ ነው)። «ግረብ_ሲኤምዲላይን_ሊኑክስ_ዲፎልት» የሚለው መስመር ላይ፣ እሱ ሁሉም በትልልቅ ፊደል ነው የተጻፈው፣ በጥቅስ ምልክቶቹ ውስጥ ጨምሩበት። አስቀምጡ፣ «ሱዶ አፕዴት-ግረብ» በሉ። ይህን የመጨረሻ ትዕዛዝ ረስቶ «አልሠራም» የሚል ብዙ ነው። ፌዶራ ላይ ፋይል መክፈት አያስፈልግም፦ «ሱዶ ግረቢ --አፕዴት-ከርነል=ኦል --አርግስ=» ብላችሁ ፓራሜትሩን በጥቅስ ውስጥ አስከትሉ፣ ኦል በትልልቅ ፊደል።

ፓነል ሰልፍ ሪፍሬሽን ማጥፋት ባትሪ ትንሽ ይበላል። በየጥቂት ወሩ፣ ከርነሉ ሲያድግ፣ አውጥታችሁ ሞክሩት።

ደረጃ 7፦ ዴስክቶፑና አፕሊኬሽኖቹ

የቅጂው ፈተና ቪዲዮ ውስጥ መርገብገቡን ካሳያችሁ ቦታችሁ ይህ ነው።

አንድ አፕሊኬሽን ብቻ ከሆነ ሃርድዌር አክስለሬሽኑን አጥፉ። ክሮምና መሰሎቹ ላይ ሴቲንግ ውስጥ ሲስተም የሚለው ሥር አለ። ፋየርፎክስ ላይ ጄኔራል ውስጥ ወርዳችሁ ፐርፎርማንስ የሚለው ጋ ነው። ቀይራችሁ ሙሉ በሙሉ ዘግታችሁ ክፈቱ። ከተስተካከለ እንዲሁ አትተዉት፤ ቪዲዮ ሲከፈት ፕሮሰሰሩ ይግላል። ብሮውዘሩንና ሜሳን አሳድጋችሁ መልሳችሁ አብሩት።

ሁሉም መስኮት ከሆነ፦

1. ሎግ አውት አድርጉ። መግቢያው ላይ ስማችሁን ስትመርጡ ጥግ ላይ የጥርሳማ ጎማ (የሴቲንግ) ምልክት ወይም የሴሽን ዝርዝር ይታያል። ዌይላንድ ከነበራችሁ ኤክስ11፣ ኤክስ11 ከነበራችሁ ዌይላንድ ምረጡ። በአዳዲስ የግኖም ስሪቶች ላይ የኤክስ11 ምርጫ ላይኖር ይችላል።
2. አዲስ ዩዘር ፈጥራችሁ በሱ ግቡ። እዚያ ደህና ከሆነ ችግሩ የእናንተ ሴቲንግ ወይም ኤክስቴንሽን ነው። ኤክስቴንሽኖቹን ሁሉ አጥፍታችሁ አንድ በአንድ መልሱ።
3. ስኬሊንጉ 125 ወይም 150 ፐርሰንት ከሆነ ለሙከራ 100 አድርጉት።
4. ኤክስ11 ላይ ከሆናችሁ /ኢቲሲ/ኤክስ11 ፎልደር ውስጥ፣ ኤክሷ ትልቅ ፊደል ናት፣ ኤክስኦአርጂ.ኮንፍ የሚባል ፋይል አለ? ድሮ የተጫነ ድራይቨር ጥሎት የሄደ ሊሆን ይችላል። አታጥፉት፣ ስሙን ቀይሩትና ሪስታርት አድርጉ። አሁን ያለው ዴስክቶፕ ያለሱ ራሱን ያዋቅራል።

ኤንቪዲያ ይዛችሁ ዌይላንድ ላይ አንዳንድ መስኮቶች ወደ ድሮ ምስል እየተመለሱ የሚንቀጠቀጡ ከሆነ፣ ስትጽፉ የጻፋችሁት ፊደል ጠፍቶ የሚመለስ ከሆነ፣ ይህ የታወቀ ነገር ነው፣ ኤክስፕሊሲት ሲንክ (ምስሉ ተስሎ ሳያልቅ እንዳይታይ የሚያደርገው ነገር) ባለመኖሩ የሚመጣ። በፈረንጆቹ 2024 በድራይቨር 555 ገባ። ግን ድራይቨሩ ብቻውን አይበቃም፦ ኤክስዌይላንድ (የኤክስ11 አፕሊኬሽኖችን ዌይላንድ ላይ የሚያሠራው) 24.1፣ እንደየዴስክቶፓችሁ ደግሞ ፕላዝማ 6.1 ወይም ግኖም 46.1፣ ወይም ከዚያ በላይ መሆን አለባቸው። አንዱ ከጎደለ መርገብገቡ ይቀጥላል፣ ስለዚህ ሙሉ ሲስተሙን ማሳደግ ነው የሚያዋጣው።

ደረጃ 8፦ የኤንቪዲያ ድራይቨርን በትክክል መጫን

ኢንቴልና ኤኤምዲ ያላችሁ ይህን ዝለሉት። የእናንተ ድራይቨር ከርነሉና ሜሳ ውስጥ ነው፣ ሲስተሙን ማሳደግ ማለት ድራይቨሩን ማሳደግ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ ከኤንቪዲያ ድረ ገጽ «ረን» የሚል መጨረሻ ያለውን ፋይል አውርዳችሁ አትጫኑ። ፓኬጅ ማኔጀሩ ስለሱ አያውቅም፤ ከርነሉ ወይም ሜሳ ሲያድግ ይፋለሳል። ቀድሞ ተጭኖ ከሆነ ያንኑ ፋይል «--አንኢንስቶል» አስከትላችሁ አስኬዱትና አውጡት፣ ከዚያ ቀጥሉ።

ካርዳችሁ ስንተኛ ትውልድ ነው? አርቲኤክስ 50 ክፍት ምንጭ የሆነውን የከርነል ሞጁል ብቻ ነው የሚቀበለው፣ ፓኬጁ ስም ላይ «ኦፕን» የሚል አለው። ከጂቲኤክስ 16ና አርቲኤክስ 20 እስከ አርቲኤክስ 40 ክፍቱም ዝጉም ሞጁል ይሆናል። የጂቲኤክስ 900ና 1000 ትውልድ በድራይቨር 580 ነው የሚያቆመው። የኬፕለር ትውልድ (አብዛኞቹ የጂቲኤክስ 600ና 700 ካርዶች) በ470 ቆሟል። ከአቅሙ በላይ የሆነ ስሪት ብትጭኑለት ካርዱን አያየውም።

ኡቡንቱ ላይ፦

1. «ሱዶ አፕት አፕዴት»፣ ቀጥሎ «ሱዶ አፕት አፕግሬድ»። ሪስታርት።
2. የከርነል ሄደር (የድራይቨሩ ሞጁል ለመሠራት የሚያስፈልጉት ፋይሎች) መኖሩን አረጋግጡ፦ «ሱዶ አፕት ኢንስቶል ሊኑክስ-ሄደርስ-ጀነሪክ»።
3. «ኡቡንቱ-ድራይቨርስ ዲቫይስስ» ብላችሁ ዝርዝሩን እዩ። «ሪኮሜንድድ» የሚለው አጠገቡ ያለው ነው የእናንተ።
4. «ሱዶ ኡቡንቱ-ድራይቨርስ ኢንስቶል»።
5. ሪስታርት።

ሚንት ላይ ድራይቨር ማኔጀር በመዳፊት ያስጨርሳችኋል። ፌዶራ ላይ አርፒኤም ፊዩዥን የሚባለውን የፓኬጅ ምንጭ አብርታችሁ አክሞድ-ኤንቪዲያን ጫኑ፣ ግን ወዲያው ሪስታርት አታድርጉ። ሞጁሉ ከጀርባ እየተሠራ ነው። «ሞድኢንፎ -ኤፍ ቨርዥን ኤንቪዲያ» የስሪት ቁጥር እስኪመልስላችሁ ጠብቁ፣ ኤፏ ትልቅ ናት። ቸኩሎ ሪስታርት ያደረገ ነው ጥቁር ስክሪን የሚያገኘው።

ሲጫን ፓስወርድ ፍጠሩ ካላችሁ ሴኪዩር ቡት (ያልተፈረመ ድራይቨር እንዳይነሳ የሚከለክለው ጥበቃ) በርቷል ማለት ነው። ቀላል ፓስወርድ፣ ምልክት የሌለው፣ ስጡትና ጻፉት። ሪስታርት ስታደርጉ ሰማያዊ ስክሪን ይመጣል፣ ለጥቂት ሰከንድ ብቻ! «ኢንሮል ሞክ»፣ «ኮንቲንዩ»፣ «የስ» ብላችሁ ፓስወርዱን አስገቡ። ካመለጣችሁ ዴስክቶፑ ምንም እንዳልተፈጠረ ይነሳል፣ ድራይቨሩ ግን አይሠራም፣ ሎጉ ላይም «ኪይ ዋዝ ሪጀክትድ» ይላል። ኡቡንቱ ላይ «ሱዶ አፕዴት-ሴኪዩርቡት-ፖሊሲ --ኢንሮል-ኪይ» ብላችሁ እንደገና አስጠሩት።

ከተጫነ በኋላ «ኤንቪዲያ-ኤስኤምአይ» ጻፉ። የካርዱ ስም ያለበት ሰንጠረዥ ከመጣ ጨርሳችኋል። «ቨርዥን ሚስማች» ካለ ድራይቨሩ አድጎ ኮምፒውተሩ ሪስታርት አልተደረገም፣ ያ ብቻ ነው። ካርዱን ጭራሽ ካላገኘው «ዲኬኤምኤስ ስታተስ» በሉ፤ ኤንቪዲያ ጎን ከአሁኑ ከርነል ቁጥር ጋር «ኢንስቶልድ» ካላለ ሞጁሉ አልተሠራም፣ ብዙ ጊዜ ሄደር ስለጎደለ። ኡቡንቱ ዝግጁ የተፈረመ ሞጁል ሲጭን ግን ዝርዝሩ ባዶ ሊሆን ይችላል፣ ያኔ ባዶ መሆኑ ችግር አይደለም።

ደረጃ 9፦ ጥቁር ስክሪን ከመጣ

አትደንግጡ፣ ዳታችሁ አልጠፋም። በዚህ ቅደም ተከተል፦

1. ኮንትሮል፣ አልት፣ ኤፍ3። የጽሑፍ ስክሪኑ ከመጣ ከዚያ ሆናችሁ የመጨረሻ ለውጣችሁን መልሱ።
2. ካልመጣ በግረብ ሜኑ «አድቫንስድ ኦፕሽንስ» ግቡና የድሮውን ከርነል ምረጡ። በድሮው ደህና ከሆነ ጥፋቱ የአዲሱ ከርነል ነው፣ ማረሚያ እስኪመጣ በድሮው ቆዩ።
3. እሱም ካልሆነ ደረጃ 6 ላይ እንዳሳየሁት መስመሩ መጨረሻ ላይ «ኖሞድሴት» ጨምሩ። ስክሪኑ በዝቅተኛ ጥራት፣ ዘገም ብሎ ይነሳል። ይህ መግቢያ በር ብቻ ነው። ቋሚ አድርጋችሁ ከተዋችሁት ትክክለኛው ድራይቨር በፍጹም አይነሳም።
4. ኤንቪዲያን ለማውጣት «ሱዶ አፕት ፐርጅ» ብላችሁ በጥቅስ ውስጥ «ኤንቪዲያ*»። እሺ ከማለታችሁ በፊት የሚጠፉትን ዝርዝር አንብቡ፤ የዴስክቶፑ ዋና ፓኬጅ ውስጡ ካለ ኤን ብላችሁ አቁሙ። ሪስታርት ስታደርጉ ኑቮ ይረከባል፣ ከዚያ ደረጃ 8ን ከመጀመሪያው።
5. ምንም ካልሆነ ከፍላሹ አስነስታችሁ በታይምሺፍት ስናፕሾቱን መልሱ።

ሁሉንም ሞክራችሁ ካልሆነ

በሁለት ገመድ፣ በሁለት ከርነልና በፍላሽ ያው ከሆነ፣ ባዮስ ውስጥም ከታየ፣ ጠጋኝ ጋ ውሰዱት። ባዮስ ላይ ደህና ሆኖ ሊኑክስ ላይ ብቻ የሚቀጥል ከሆነ ደግሞ ለገንቢዎቹ ሪፖርት አድርጉ፣ ያስተካክሉታል። ግን «ስክሪኔ ይርገበገባል» ብቻ ብላችሁ አትጻፉ። የካርዱን ስምና የሚሠራውን ድራይቨር፣ የከርነልና የሜሳ ስሪት፣ ዌይላንድ ወይም ኤክስ11 መሆኑን፣ የአራቱን ፈተናዎች ውጤት፣ የሞከራችኋቸውን ፓራሜትሮች እና መርገብገቡ በታየበት ቅጽበት የነበረውን የከርነል ሎግ አያይዙ። ደህና የነበረ ከርነል ካለ የመጨረሻውን ደህና ስሪትና የመጀመሪያውን ብልሹ ስሪት ቁጥር ለይታችሁ ጻፉላቸው፣ ፍለጋቸውን ከምንም በላይ የሚያሳጥረው እሱ ነው።